ድመቴ የአትክልት መትከያዎቼን መጸዳጃ አደረገቻቸው

የምኖረው ደሴ ከተማ በአንድ ፎቅ ቤት ሲሆን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና እሬት የተተከሉባቸው 6 የሸክላ መትከያዎች አሉኝ። የ2 ዓመት ሴት ድመቴ ክረምቱ ገብቶ ደጅ መውጣት ካቆመች ወዲህ አፈራቸውን እየጫረች ትጸዳዳባቸዋለች፤ በሶብላውንማ ከእንግዲህ ለምግብ አልቀጥፈውም። ሰጋቱራ የሞላሁበትን ሳፋ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ባስቀምጥላትም አሽትታ ተመለሰች። የብርቱካን ልጣጭ በአፈሩ ላይ ስበትንበት እስኪደርቅ ድረስ ለ2 ቀን ያህል ራቀች፤ ከቦርከና ወንዝ ያመጣሁትን ጠጠር ግን በመዳፏ ገፍታ ቦታ ታበጃለች። ሚጥሚጣ እንድነሰንስ የመከሩኝ ጎረቤት አሉ፤ ዓይኗንና መዳፏን ስለሚያቃጥል አልተቀበልኳቸውም። ሰጋቱራውን ትቼ ሳፋውን እርሷ በለመደችው የአትክልት አፈር ብሞላውና ከመትከያዎቹ አጠገብ ባኖረው ወደዚያ ትዞርልኝ ይሆን?