«አንድም የኛ ስም የለም»፦ የሚኔሶታ የሕፃናት ስም ጭቅጭቅ

በረዶ የለመደ፦
እሁድ በአንድ የማኅበረሰባችን ስብሰባ ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ ተናጋሪ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) በየዓመቱ የሚያወጣውን የሕፃናት ስም ዝርዝር አትሞ መጣ። እዚህ እኛ ያለንበት የሚኔሶታ ግዛት ውስጥ በብዛት የወጡትን መቶ ስሞች ከላይ እስከ ታች በጣቱ እያሳየ፣ «ስንት ዓመት ኖረንበት አንድም የኛ ስም የለም። ስማችንን ሸጥነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። አጠገቤ የእህቴ ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስሟ ሶፊያ። አንገቷን ደፍታ የጃኬቷን ዚፕ ከፈት ዘጋ ታደርግ ጀመር። ምን ሸጠች እሷ?

ጋሻው ነኝ፦
ሰውየው ምን አጠፋ? እውነቱን ነው የተናገረው። ልደት በተጠራሁ ቁጥር ኬኩ ላይ የማነበው ሊያም፣ ሜሰን፣ ኦሊቨር ነው። ባለፈው ወር በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሊያም አጋጠመኝ። የአንዱ አባት የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የሌላው የጎንደር።

እትዬ ቆሎ፦
ሊያም ስትል አስታወስከኝ። ልጄ ከአሜሪካ ደውሎ «እማዬ፣ ሊያም ተወለደ» ሲለኝ «ማንን ሊያም?» አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር። ይኸው እስካሁን «የኔ ጌታ» እያልኩ ነው የምጠራው።

ብሩክሊን ፓርክ፦
እስኪ «አንድም የኛ ስም የለም» የምትለዋን እንያት። በፈረንጅ 2024 በአገር ደረጃ ከአንድ እስከ አስር የወጡት የወንድ ስሞች እነዚህ ናቸው፦ ሊያም፣ ኖዋ፣ ኦሊቨር፣ ቲዎዶር፣ ጄምስ፣ ሄንሪ፣ ማቴዎ፣ ኢላይጃ፣ ሉካስ፣ ዊሊያም። አሁን በአማርኛ አንብቧቸው። ኖኅ። ቴዎድሮስ። ያዕቆብ። ማቴዎስ። ኤልያስ። ሉቃስ። ከአስሩ ስድስቱ! ቴዎድሮስ አራተኛ ወጥቶ «የኛ የለም» ይባላል? መቅደላ ላይ የሞተው ማን ነበር ታዲያ?

ጋሻው ነኝ፦
ወንድሜ፣ ፈረንጁ ልጁን ቲዎዶር ሲል የቋራው ካሳ ትዝ ብሎት መሰለህ? ፕሬዚዳንቱ ቲዎዶር ሩዝቬልት ነው ትዝ የሚለው። የድብ አሻንጉሊቱ ቴዲ ነው። ደግሞ እንዲህ ከቆጠርክማ ሚካኤል ከ1961 እስከ 1998 ያለማቋረጥ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ነበር። 38 ዓመት ሙሉ! ያኔ አሜሪካን ይዘናት ነበር በለኛ።

ብሩክሊን ፓርክ፦
ድቡም ቴዲ፣ አጎቴም ቴዲ። ስሙ ከግሪክ ነው የመጣው፣ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። ካሳም ሲነግሥ ከትንቢት ወሰደው እንጂ ቋራ ላይ አልዘራውም።

ሄኖክ ነኝ፦
ሄንሪስ ሄኖክ አይደል? ሰባት አድርገው።

ብሩክሊን ፓርክ፦
አይደለም ሄኖኬ። ሄንሪ የጀርመኖች ነው። ስድስት ይበቃል፣ አታስበላኝ።

የሐረር ልጅ፦
ይቅርታ፣ ልግባ። እናንተ ኖኅና ሉቃስን ስትቆጥሩ ዝም ብዬ አነበብኩ። ሰውየው ይዞት የመጣው የሚኔሶታ ዝርዝር ላይ ሞሐመድ አለ። ከመቶዎቹ ውስጥ። ትናንት የገባም አይደለም፣ ለዓመታት አለ። እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ። አባቴ ሞሐመድ ነው፣ ልጄም ሞሐመድ ነው። «አንድም የኛ ስም የለም» ሲባል እንግዲህ እኔ የማን ነኝ?

ጋሻው ነኝ፦
አትቆጣ። እሱ የሶማሌዎቹ ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ እዚህ ነው ያለው፣ ዝርዝሩ ላይ ያወጡት እነሱ ናቸው።

የሐረር ልጅ፦
የሶማሌዎቹ! ጅጅጋ የት ነው ያለችው? ወሎስ? ጅማስ? ብሩክሊን ፓርክ የግሪኩን ቲዎዶር የኛ ሲልህ እሺ ብለህ ተከራከርከው። የኔን ግን ገና ከበሩ መለስከው። ቆጥረኸኝ የማታውቀውን ዝርዝሩ ምን ያድርግልህ?

ጋሻው ነኝ፦
እሺ እንኳ አላልኩትም። አንብብ።

ቦንቱ፦
ይቺን «የኛ» ስጠብቃት ነበር፣ መጣች። ከኢትዮጵያ መጥቶ እዚህ ግዛት ከሚኖረው ሰው ብዙው ኦሮሞ ነው። ሌንሳ፣ ኢብሳ ብለን ስናወጣ ስብሰባው ላይ ማን አጨበጨበልን? የኔ ልጅ ኬና ትባላለች፣ በኦሮምኛ ስጦታ ማለት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ የራሳቸው ስም መስሏቸው «ስኮትላንድ ዘመድ አላችሁ?» ይሉኛል። እስኪ ንገሩኝ፣ ሸጥኩ ወይስ ገዛሁ?

ፊደል ቆጣሪ፦
ዝርዝሩ እንዴት እንደሚሠራ ሳታዩ ነው የምትጣሉት። የሚቆጠረው ለሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ማመልከቻ ላይ የተጻፈው ስም ነው፣ ያውም ፊደል በፊደል። ሶፊያ በፒኤች ስትጻፍ አንድ ስም ናት፣ በኤፍ ስትጻፍ ሌላ ስም። በ2024 ሁለቱም ከሴቶቹ አስር ውስጥ ገብተዋል፣ አንዷ ስድስተኛ፣ አንዷ አስረኛ። ሞሐመድም በኦ፣ በዩ፣ በአንድ ኤም፣ በሁለት ኤም እየተባለ ይበታተናል። ተበታትኖም መቶው ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሶልያናን ስንት ዓይነት አድርጋችሁ ነው የምትጽፏት? በአይ አለ፣ በዋይ አለ፣ በሁለቱም አለ፣ መጨረሻዋ ላይ ኤች የሚሰኩም አይቻለሁ። በአንድ ግዛት በዓመት ከአምስት ሕፃን በታች የተሰጠ ስም ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። እንበል አሥራ ሁለት ሶልያናዎች ተወለዱ፣ በሦስት አጻጻፍ አራት አራት ሆነው ተመዘገቡ። በመንግሥት ወረቀት ያን ዓመት ሚኔሶታ ውስጥ አንዲትም ሶልያና አልተወለደችም።

በረዶ የለመደ፦
ይሄንን እሁድ የሚነግረው ሰው ጠፋ።

ጋሻው ነኝ፦
ፊደሉ ይበተን፣ ግድ የለም። ሊያም በሉት ብሎ ያስገደዳቸው ማን ነው ግን? ፈረንጁን እዩት እስኪ። የሚኔሶታ ዝርዝር አናት ላይ ያሉት ሄንሪ፣ ቲዎዶር፣ ኤቭሊን፣ ሻርሎት የቅድመ አያቶቻቸው ስሞች ናቸው። ሄንሪ በአገር ደረጃ ወደ አስሩ የተመለሰው በ2020 ነው። እዚህ ግን ከዚያ በፊትም የተወደደ ስም ነበር። እነሱ የአያታቸውን ስም ከሳጥን አውጥተው አራግፈው ሲለብሱ፣ እኛ የአያታችንን ስም ቦሌ ጥለነው እንሳፈራለን።

ብሩክሊን ፓርክ፦
ይቺ እንኳ ጥሩ ነች። ለመጀመሪያ ጊዜ።

የብሉሚንግተን እናት፦
ማንም አላስገደደኝም። ለአፍ የሚቀል ስም ፈለግሁ፣ ልጄን ኖራ አልኳት። አለቀ።

እትዬ ቆሎ፦
ለማን አፍ ልጄ?

ጋሻው ነኝ፦
እትዬ ጨረሱት! ለማን አፍ? ኖራስ በአማርኛ ምን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? ግድግዳ እኮ ነው የሚቀባው።

የብሉሚንግተን እናት፦
አማርኛ ካነሳህማ፣ «መቶ ዓመት ኖራ» ሲባልስ ሰምተህ አታውቅም? መኖር የሚባል ነገር አለ እኮ።

እትዬ፣ ለእርስዎ ግን በአክብሮት ልመልስ። ለአስተማሪዋ አፍ ነው። እርስዎ አዲስ አበባ ሆነው የመጀመሪያውን የትምህርት ቀን አላዩትም። አስተማሪዋ ስም ትጠራለች፣ ትጠራለች፣ እኔ ጋ ስትደርስ ዝም። ወረቀቱን ጠጋ አድርጋ ታያለች። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። ስሜ ፅጌሬዳ ነው። ፅ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ቲ እና ኤስ ይደረደራሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚደፍረው የለም። ስለዚህ ገና ዝም ስትል እጄን አወጣለሁ። በየዓመቱ፣ በየክፍሉ። ልጄ እጇን ለጥያቄ ብቻ እንድታወጣ ነው የፈለግሁት።

ቦንቱ፦
ፅጌ፣ ይሄስ ገባኝ። ግን አስተማሪዎቹ እዚህ ግዛት አብዲራህማን ማለት ለምደዋል። በአንድ ቀን አይደለም የለመዱት፣ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንድ አብዲራህማን ስለተቀመጠ ነው። አፍ የሚላመደው ሲደጋገምለት ነው። እናንተ «ለአፍ የሚቀል» እያላችሁ ስትሸሹ አፉ መቼ ይልመድ?

የብሉሚንግተን እናት፦
የኔ ልጅ የአስተማሪ አፍ ማለማመጃ አይደለችማ።

ቦንቱ፦
የኔዋ ነች?

ማስረሻ ዘሴንት ፖል፦
ስሜ ማስረሻ ነው። ከኔ በፊት አንድ ልጅ ሞቶባቸው ነበር፣ እሱን እንዳስረሳ ነው ስሙ የወጣልኝ። ሥራ ቦታ ማሲ ነኝ፣ ቡና ስገዛ ማይክ። አንድ ጠዋት ልጅቷ «ማይክ! ማይክ!» እያለች ስትጮህ ከፊቷ ቆሜ ማይክ የት ሄደ ብዬ እኔም ዞር ዞር ብያለሁ። የገዛ ቡናዬ ነው የቀዘቀዘው። ልጄን ኦሊቨር አልኩት። ኦሊቨር ማንንም አያስረሳም፣ ማንንም አያስታውስም። ገና ሲወለድ ሥራ ያልተሰጠው ልጅ ይኑረኝ ብዬ ነው። ሸጥከው በሉኝ፣ ግዴለም።

ጋሻው ነኝ፦
ላንተ ምንም አልልም።

በረዶ የለመደ፦
በመጀመሪያው ስም ትናከሳላችሁ፣ ጉዱ ያለው ሁለተኛው ጋ ነው። ልጄ ስትወለድ ፎርም የምትሞላው ሴትዮ ኮምፒውተሯን እየገፋች መጣች። «የቤተሰብ ስም?» አለች። የለንም አልኳት። ሳቀች፣ ቀልድ መሰላት። እንደ አገራችን የኔን ስም ከልጄ ስም ቀጥሎ አስጻፍኩ። እዚህ ወረቀት ላይ የኔ መጨረሻ ግን የአባቴ ስም ነው። ሚስቴም የራሷን አባት ይዛለች። ይኸው ሦስታችን አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ ሦስት ቤተሰብ ነን። «ልጅቷ ያንተ ናት?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ሚኔሶታ ውስጥ እጅግ የበዛው የቤተሰብ ስም ጆንሰን ነው። ምን ማለት ነው? የጆን ልጅ። አንደርሰን የአንደርስ ልጅ፣ ኦልሰን የኦሌ ልጅ። ከስዊድንና ከኖርዌይ የመጡት ገበሬዎች ልክ እንደኛ በአባት ስም ነበር የሚጠሩት፣ በየትውልዱ እየተቀየረ። እዚህ ሲደርሱ አንዱ አባት ላይ ቆመ። ኖርዌይ ራሷ በ1923 በሕግ አስቆመችው። ከዚያ አካባቢ አይስላንድ ብቻ እስካሁን እንደኛ ናት። ይኸው አንድ ጆን ከሞተ መቶ ምናምን ዓመቱ፣ ልጆቹ ግን አሁንም እየተወለዱ ነው።

ሄኖክ ነኝ፦
ሃሃሃ! እኛም ከመቶ ዓመት በኋላ ሁላችንም አቶ ተስፋዬ ነን ማለት ነው።

ጋሻው ነኝ፦
የምለው እኮ ይሄንኑ ነው! ስዊድኖቹም ሸጡት።

ፊደል ቆጣሪ፦
ዌንደል አንደርሰን እንደ ስዊድኖቹ በኦ ጽፎ የሚኔሶታ ገዥ ሆነ። ከእሱ በፊት ኤልመር አንደርሰን እንደ ኖርዌዮቹ በኢ ጽፎ ገዥ ሆኗል፣ በአባቱ በኩል ኖርዌያዊ ስለሆነ። በአንዲት ፊደል አገራቸውን ይዘው ገዥ ከሆኑ ሽያጩ የት ጋ ነው?

ጋሻው ነኝ፦
በአንዲት ፊደል! ከሙሉ ስም አንዲት ፊደል ስለተረፈች እልል እንበል?

የሐረር ልጅ፦
እኔ አሁንም መልስ እየጠበቅኩ ነው። ጆንሰን ድረስ ሄዳችሁ ተመለሳችሁ፣ ሞሐመድን ግን ማንም አላነሳውም። በ2023 እንግሊዝና ዌልስ ውስጥም ሞሐመድ፣ በአንዱ አጻጻፉ ብቻ ተቆጥሮ፣ የወንዶች አንደኛ ወጥቷል። ሚስጥሩ ቀላል ነው። ፈረንጁ ስሙን በትኖታል። በ1950ዎቹ ከመቶ አሜሪካዊ ወንድ ሕፃናት አራቱ ገደማ ሚካኤል ነበሩ። ዛሬ አንደኛው ሊያም ከመቶ አንድ ቢሆን ነው። እኛ ደግሞ አንዱን ስም ከአያት እስከ ልጅ ልጅ እንደጋግመዋለን። የአያት ስም ከሳጥን ማውጣት ካልክ ጋሻው፣ እኛ መጀመሪያውኑ ሳጥን ውስጥ አልከተትነውም።

ብሩክሊን ፓርክ፦
ጋሻው፣ ይሄን መልስ እንግዲህ።

ጋሻው ነኝ፦
ሥራ ላይ ነኝ። ማታ እመለሳለሁ።

ሄኖክ ነኝ፦
ጋሻው በሥራ ቦታ ማን ተብሎ ነው የሚጠራው?

ጋሻው ነኝ፦
ጋሽ።

ሄኖክ ነኝ፦
ፈረንጅ አለቃህ «ጋሽ» ይልሃል? ሳያውቀው አከበረህ በለኛ!

እትዬ ቆሎ፦
ጋሻውዬ፣ በርታ። ግን ሰውየው ልጆች ፊት ባይናገረው ጥሩ ነበር።

በረዶ የለመደ፦
እትዬ፣ እኔም የጻፍኩት ለእሱ ነው። ፊደል ቆጣሪ የጻፈውን ለሶፊያ አነበብኩላት። ስለ ሽያጩ ምንም አላለችም። «እኔ በኤፍ ነኝ፣ ስለዚህ አስረኛ ነኝ?» አለችኝ። በፒኤች መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ጋሻው ነኝ፦
ስድስተኛም ብትሆን የኛ አይደለም።

የሐረር ልጅ፦
የማን?