ገነተ ልዑል፦ ያሳለፈው ሁሉ አጥሩ ላይ ይሳል ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ። ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው ገነተ ልዑል፣ አሁን ሙዚየም የሆነው፣ ድሮ ምን ምን እንደነበር የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል የግቢው አጥር ላይ ቢሳል ትደግፋላችሁ? የሚሳደብ ሰው ሚውት ይደረጋል።

ቤቲ፦ በደንብ ነዋ! ስንቱ ተማሪ እኮ ቤተ መንግሥት እንደነበር ሳያውቅ ተመርቆ ይወጣል። ንጉሡ ኖሩበት፣ ጣልያን ገባበት፣ ተመለሱ፣ በ1954 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በቃ ይሄንን መሳል ነው ምን ያከራክራል

ጋሽ ተካ፦ "በቃ" አልሽ ልጄ? የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ድሃውን የሰበሰበው እዚሁ ነው፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩትም እዚሁ፣ ከዛ በሦስት ቀን ስንት ሺህ ሰው አለቀ። ታኅሣሥ 1953 ደግሞ ንጉሡ ብራዚል እያሉ መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት እነ መንግሥቱ ንዋይ ያገቷቸውን መኳንንት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ረሸኗቸው፣ ራስ አበበ አረጋይ ያን ሁሉ ዘመን ጣልያንን በዱር ተዋግተው በወገን ጥይት ወደቁ። ታክሲ ጠባቂ የሚደገፈው አጥር ላይ ይሄን ትስይዋለሽ?

ናቲ፦ እኔም አልደግፍም ግን የኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ስፖንሰር ይመጣል፣ ዘውድ፣ ጀበና፣ የምረቃ ጋውን፣ ሁሉም ፈገግ ብሎ ይሳልና ደሙ ይዘለላል። እሱን ከማየት ባዶ አጥር ይሻለኛል

ሰዓሊዋ፦ ሙያዬ ስለሆነ ልናገር። ሕንጻውን ማንም በቀለም እንዳይነካው፣ አጥሩም ቢሆን ክረምት ከሥር እርጥበት እየሳበ ቀለሙን ይልጠዋል፣ ተነቃይ ሰሌዳ ነው የሚያዋጣው። ደግሞ ሕንጻው ፊት ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ልብ ብላችሁታል? ጣልያን ነው የሠራው፣ አንዱ እርከን ለአንድ የፋሺስት ዘመን ዓመት። ነጻነት ሲመጣ አላፈረሱትም፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አንበሳ ቁጭ አደረጉበት፣ አለቀ። እኔም ብስል የግራዚያኒን ፊት አላሳይም፣ የተሰለፉትን ድሆች ነው የማሳየው።

ጋሽ ተካ፦ እሱስ ደግ ነው። የ1953ቱን ግድያስ? የሟቾቹ ልጆች አሉ፣ የመንግሥቱን ወንድም፣ አብሮት ያሴረውን ገርማሜ ንዋይን ጀግና የሚልም አለ። አንበሳውን ለማን ታስቀምጪለታለሽ?

ሰዓሊዋ፦ ለማንም ጋሽዬ። ሳሎኑን ብቻ፣ ባዶ ወንበሮች።

ናቲ፦ እሱማ ሽሽት ነው! የገደለውም የሞተውም ስሙ ይጻፍ። ተማሪዎቹንስ ረሳችኋቸው? በ1962 የተገደለውን የተማሪዎች መሪ የጥላሁን ግዛውን አስከሬን ይዘው እዛው ግቢ ተሰብስበው እያለ እኮ ነው የተተኮሰባቸው። ቤተ መንግሥቱ ብቻ አይደለም ታሪክ ያለው

አወያይ፦ እሺ ፖል ለቅቄያለሁ፦ አጥር ላይ፣ ግቢ ውስጥ ሰሌዳ ላይ፣ ወይ ጭራሽ ይቅር።

ቤቲ፦ ግቢ ውስጥ ከሆነ እኮ ጥበቃው መታወቂያ እየጠየቀ ማን ገብቶ ያየዋል?? እኔ አጥር ላይ ብያለሁ፣ ደሙም ይሳል