ክሬዝ ገጠር ቤት ልንገዛ ነው፤ አብደናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ፓሪስ ዳርቻ ነው የምንኖረው። መሃል ፈረንሳይ ባለችው ገጠራማ አውራጃ በክሬዝ አንድ የድንጋይ ቤት አይተን ልባችን ሄደ። ገጠር የኖረ ሰው አለ?

መልስ፦ አላበዳችሁም እህቴ። ግን መኪና አላችሁ? እኔ እዚያው አካባቢ ሚልቫሽ የሚባል አምባ ላይ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያለ መኪና እስረኛ ነሽ። ዳቦ እንኳ በቫን ነው የሚመጣልን። ሰውየው ጥሩምባውን ይነፋል፤ ካልወጣሽ ይሄዳል።

ሰዉ አካባቢውን ተራራ ይለዋል። ትልቁ ጫፍ 976 ሜትር ነው! አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ቆላ ነው። ብርዱ ግን የደብረ ብርሃን ነው። ማገዶ በበጋ ግዢ፤ እኔ የመጀመሪያውን ዓመት እርጥብ እንጨት እያጨስኩ ሳለቅስ ነው ያለፈኝ።

የአምባው ስም በፈረንሳይኛ ሲሰሙት «ሺ ላም» ይመስላል። ከምንጭ የመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ ቪየን፣ ክሬዝና ቬዜር ወንዞች ከዚሁ ስለሚነሱ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ላሞቹ ግን አሉ፤ ሊሙዛን የሚባሉ ቀያይ የአገሩ ዝርያዎች። እናቴ በቪዲዮ አይታ «እረኛው የታለ?» አለችኝ። እረኛው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው።

ስለ ከንቲባውም ልንገርሽ፤ የአዲስ አበባውን እንዳታስቢ። ፈረንሳይ ወደ 35 ሺህ ኮሚዩን (የየራሱ ከንቲባ ያለው ትንሹ የአስተዳደር ክፍል) አላት፤ ከግማሽ በላዩ 500 ሰው እንኳ የለውም። የእኛ ከንቲባ ገበሬ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ይከፈታል። በገባሽ በማግስቱ ሄደሽ ራስሽን አስተዋውቂ። «ቦንዡር» ሳትይ ያለፍሽው ሰው ዓመቱን ሙሉ አይረሳሽም። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት ከሌለሽ ለምክር ቤቱ አትመርጪም፤ ለመንደሩ ድግስ ድንች መላጥ ግን ማንም አይከለክልሽም። እኔን ያላመደኝ ያ ድንች ነው።

አንድ ቀን እዚሁ አምባ ላይ ያለውን የዣንትዩን መንደር እዪው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሙታን ሐውልት አጠገብ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ጡጫውን ወደ ጽሑፉ ዘርግቷል፦ «ጦርነት የተረገመ ይሁን»። በየመንደሩ ሐውልት አለ፤ እንዲህ ያለ ግን ብርቅ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንጀራስ?

መልስ፦ ጤፉን ከፓሪስ ጫኚ። እርሾው ለመነሣት ከምድጃው አጠገብ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ቤቱን ደግሞ በጁላይ አይተሽ እንዳትፈርሚ፤ በፌብሩዋሪ፣ ያውም ዝናብ ሲጥል ነይ። እኛ ጋ ታድሪያለሽ።