«ችግሩ አመለካከት ነው» ማለት ይብቃ

መምህሩ፦ አንድ አሰልጣኝ መድረክ ላይ ወጥቶ «ወጣቱ ሥራ ያጣው አመለካከቱ ስላልተቀየረ ነው። ሥራ ፈጠራን ከትምህርት ቤት ብናስተምር አገር በዘላቂነት ታድጋለች» ሲል ሰማሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ይህንኑ ትምህርት ነው የማስተምረው። ልጆቹ የንግድ ዕቅዱን አሳምረው ይጽፋሉ። ምርቱ፣ ደንበኛው፣ ዋጋው ሁሉ ይሞላል። «የመነሻ ገንዘብ ምንጭ» የሚለው ሣጥን ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶው ይቆማል። ይሄ የአመለካከት ችግር ነው?

ጀማሪዋ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አመለካከትን አይናቁት። ቶጎ ውስጥ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። የተለመደውን የሂሳብና የግብይት ሥልጠና የወሰዱት ትርፋቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በራስ ተነሳሽነት ላይ የሠለጠኑት ግን ትርፋቸው በ30 በመቶ አደገ። ታዲያ ይሄ አመለካከት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ቆጣሪው፦ እህቴ፣ እነሱ እኮ ቀድሞውንም ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እኛ የምናወራው ስለ ተማሪ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተማሪዎች ትንሽ ኩባንያ አቋቁመው እንዲያንቀሳቅሱ የሚያደርግ ፕሮግራም ተፈትሿል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ክህሎታቸው ላይ ጉልህ ለውጥ አልተገኘም። የራስን ድርጅት የመክፈት ፍላጎታቸው ጭራሽ ቀነሰ።

ጀማሪዋ፦ ቢቀንስስ? ልጁ ገና ተማሪ እያለ «ይሄ ለኔ አይሆንም» ብሎ ካወቀ ከስንት ዕዳ ተረፈ። እኔ የራሴን ሥራ ስጀምር የቤት ወጪዬንና የሥራውን ገንዘብ መለየት የቻልኩት ተምሬ ስለነበር ነው።

የማታ ተማሪ፦ ገንዘቡ ኖሮሽ ነዋ የለየሽው! ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ ወጣቶች በቡድን ተደራጅተው ለሙያ ሥልጠናና ለመሣሪያ መግዣ ገንዘብ ተሰጣቸው። ከ4 ዓመት በኋላ ገቢያቸው ካላገኙት በ38 በመቶ በልጦ ተገኘ። አመለካከታችሁን ቀይሩ ያላቸው የለም።

ጀማሪዋ፦ 9ኛውን ዓመት ለምን ዘለልከው? ያኔ የሁለቱም ወገን ገቢ እኩል ሆኗል። «ዘላቂ» የሚለው የት ገባ?

የማታ ተማሪ፦ ያፈሩት ንብረት አብሯቸው ቆይቷል። ደግሞ ለችግረኛ ሰው ከጓደኞቹ ዓመታት ቀድሞ ራሱን መቻል ቀላል ነገር ነው? በተደላደለ ወንበር ላይ ሆኖ መናገር ቀላል ነው።

ጀማሪዋ፦ ወንበሬን ማን አሳየህ? ጥናቱን እንጂ እኔን አትንካኝ።

መምህሩ፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። አሜሪካ ውስጥ በፍጥነት ያደጉ ኩባንያዎችን የመሠረቱ ሰዎች አማካይ ዕድሜያቸው 45 ነው። በዚያው የሥራ ዘርፍ ቀድመው የሠሩት ደግሞ የተሻለ ተሳክቶላቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግብ 4.4 ራሱ ቅጥርንና ሥራ ፈጠራን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው። ተማሪዬ ተቀጥሮ መሥራት ቢመኝ አመለካከቱ የተበላሸ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ጀማሪዋ፦ መቀጠርን ማን ነቀፈ? ቀጣሪው ከየት ይምጣ ነው ጥያቄው። የሆነ ሰው መጀመር አለበት።

ቆጣሪው፦ ይጀምር! ግን ባንኩ መያዣ ሲለው፣ ፈቃዱ ሲጓተት፣ መብራቱ ሲጠፋ «አመለካከትህ ነው» አትበሉት።

ጀማሪዋ፦ እኔ መቼ አልኩ? አሰልጣኙ ነው ያለው።

የማታ ተማሪ፦ ከላይ ስትከላከዪለት የነበረው ማን ሆነና!