ቤት ፖፖ ላይ ይቀመጣል፣ ዴይኬር ግን ሱሪው ላይ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ እናት፦
ሰላም እናቶችና አባቶች። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ቤት ውስጥ ዳይፐር ከተወ ቆይቷል። ሽንቱ ሲመጣ ራሱ ወደ ፖፖው ይሮጣል፣ ሱሪውን ዝቅ ያደርጋል፣ ሲጨርስ ይጠራኛል። ዴይኬር ሲሄድ ግን ሌላ ልጅ ነው። ሁልጊዜ ልወስደው ስሄድ እርጥብ ልብስ በፌስታል ተቋጥሮ ይጠብቀኛል። አሁን ደግሞ ተንከባካቢዎቹ «ለጊዜው ዳይፐር ይደረግለት» እያሉኝ ነው። እሺ ብል የለመደው ሁሉ የሚጠፋ እየመሰለኝ ፈራሁ። እናንተ እንዴት ተወጣችሁት?

ዴይኬር የምትሠራ፦
እህቴ፣ እኔ ከተንከባካቢዎቹ ወገን ነኝና የምናየውን ልንገርሽ። ቤት ፖፖው እዚያው አጠገቡ ነው፣ አንቺም አለሽ። እኛ ጋ ሽንት ቤቱ ሌላ ክፍል ነው፣ ጫጫታ አለ፣ የያዘውን መጫወቻ ጥሎ ከሄደ ሌላ ልጅ ይወስድበታል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሽንት መምጣቱ የሚታወቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ነው። ጨዋታ ከያዙማ ጭራሽ አይሰማቸውም።

ስለዚህ «ሽንትህ መጣ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይረዳም። «አልመጣም» ይልሻል፣ ዞር ከማለትሽ ሱሪው ረጥቧል። የሚሻለው ከቀኑ ውሎ ጋር ማያያዝ ነው። እንደደረሰ፣ ምግብ እንደበላ፣ ውጭ ለጨዋታ ከመውጣቱ በፊት፣ ከእንቅልፍ በፊትና ሲነሳ። «አሁን ሽንት ቤት እንሄዳለን፣ ከዚያ እንወጣለን» ይባላል፣ አለቀ። ተንከባካቢዎቹን «እባካችሁ ተከታተሉት» ብቻ ብለሽ አትተዪያቸው። እነዚህን ሰዓቶች አንድ በአንድ ተነጋገሩባቸው፣ ቅዳሜና እሁድ ቤትም በዚያው ይቀጥል።

ጠዋት ስታደርሺው አብረሽው ሽንት ቤት ግቢ። ብዙ ልጆች ውሃው ሲለቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ያስፈራቸዋል። መቀመጫው ሰፍቶት የሚወድቅ መስሎት ሊሆን ይችላል፣ ወይ እግሩ ተንጠልጥሎ ይሆናል። እዚያው ቆመሽ ካየሽው ይገባሻል።

ቀበቶ፣ ቁልፍና ማንገቻ ያለው ልብስ ይቅር፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ አልብሺው። ቅያሪ ስታዘጋጂ ካልሲና ጫማም ጨምሪ። ወላጅ ሁሉ ሱሪ ይልካል፣ ካልሲ የሚያስታውስ ግን የለም። ሽንቱ ደግሞ ወደ ታች ነው የሚወርደው!

የአንዲት ልጅ አባት፦
እኔ ዳይፐሩን እምቢ በያቸው ባይ ነኝ። ቤት ፓንት፣ ዴይኬር ዳይፐር ከሆነ ልጁ ይምታታበታል። ለእነሱ ሥራ ስለሚቀልላቸው ነው።

የመንታ እናት፦
ወንድሜ፣ አንድ ሰው ስንት ልጅ ይዞ እንደሚውል አትርሳ። ከተንከባካቢዎች ጋር ተጣልቶ የሚገኝ ነገር የለም። ሽንት ቤት የሚወስዱት እነሱ ናቸው። እኔ የተስማማሁት እንዲህ ነበር፦ ንቁ ሆነው ሲውሉ ፓንት፣ ሲተኙ ዳይፐር። ለተወሰነ ጊዜ ተሞክሮ እንደገና እንነጋገራለን ተባባልን። አንዱ ወዲያው ለመደ፣ ሌላው ግን ጊዜውን ወሰደ። አብረው ተወልደው እንኳ አንድ ላይ አይደርሱም፣ ስለዚህ ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደሩ ይቅርብሽ።

ቤታችሁ አዲስ ሕፃን መጥቷል? ወይስ ክፍል ወይም ተንከባካቢ ተቀይሮበታል? እንዲህ ያለ ለውጥ ሲኖር የለመዱትም ወደ ኋላ ይላሉ።

ሌላ እናት፦
ዋናው ማንም እንዳይቆጣው። ልጄን አንዴ በሰው ፊት ተቆጧት፣ ከዚያ በኋላ ረጥባም መናገር ትታ መደበቅ ጀመረች።

የሕፃናት ነርስ፦
ሁላችሁም ስለ ሽንት ነው የምታወሩት። ካካስ? ዴይኬር ይቀመጣል ወይስ ይዞ ይመጣል?

ጠያቂ እናት፦
አዲስ ሕፃን የለም፣ ክፍሉም ያው ነው። ካካ ግን ዴይኬር ብሎ አያውቅም! ቤት ሲገባም ጥግ ይዞ ይቆማል፣ እግሩን ያጣብቃል፣ ፊቱ ይቀላል። ሲወጣለት ወፍራምና ደረቅ ነው፣ ያለቅሳል። ሰሞኑን ደግሞ ፓንቱ ላይ ትንሽ ቀጭን ነገር ይታያል፣ ዴይኬር «ተቅማጥ ነው» አሉኝ።

የሕፃናት ነርስ፦
እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ሳይሆን አይቀርም። ጥግ ይዞ እግሩን ሲያጣብቅ የሚያምጥ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን እንዳይወጣበት እየያዘው ነው። ሰገራ ሲያዝ ትልቁ አንጀት ውሃውን ስለሚመጠው ይደርቃል። የደረቀው ሲወጣ ያማል። አንዴ ያመመው ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ይብስ ይይዛል። እንዲህ ሲጠራቀም የሽንት ፊኛውን ይጫነዋል፣ ሽንቱም ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ያመልጠዋል። ስለዚህ የሚረጥበው ሱሪ ከሆድ ድርቀት ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

ያ ቀጭን ነገር በደረቀው ዙሪያ ሾልኮ የሚወጣ ሊሆን ስለሚችል የተቅማጥ ማቆሚያ እንዳትሰጪው፣ ድርቀቱን ያብሰዋል። ሐኪም ይየው። የሚያለሰልስ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነና መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እስከዚያው ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይብላ። ወተት የሚያበዛ ከሆነ ቀንሺለት።

ምግብ ሲገባ አንጀት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከበላ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጪው። ከ5 ደቂቃ በላይ ግን አታቆዪው፣ ካልመጣ ይነሳ። እግሩ መርገጫ ላይ ይረፍ፣ ጉልበቱ ከዳሌው ትንሽ ከፍ ይበል። በአየር ላይ በተንጠለጠለ እግር ማማጥ ለእኛም ከባድ ነው። ዴይኬርም መርገጫ እንዲያስቀምጡለት ጠይቂ። እስኪለሰልስለት ድረስ ካካ ዳይፐር ላይ ካልሆነ እምቢ ካለ አድርጊለት። ይዞ ከሚውል ይሻላል።

ሲሸና ካመመው፣ ትኩሳት ካለው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ካስታወከው ወይም ደም ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ውሰጂው።

የአንዲት ልጅ አባት፦
ይሄን አላውቅም ነበር። እንደዚያ ከሆነ ተንከባካቢዎቹም ይስሙት፣ ተቅማጥ ነው ብለው እንዳይቀጥሉ።

ጠያቂ እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሐኪም ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ተንከባካቢዎቹንም ቁጭ ብዬ አነጋግራቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሲተኛ ዳይፐር ካደረጉለት የቀኑን አያበላሽበትም?

የመንታ እናት፦
የእኔዎቹ ቀን ፓንት፣ ሌሊት ዳይፐር ሆነው ነው የቆዩት፣ ምንም አልተበላሸም። ተኝተው ሽንት መያዝ የሚመጣው ሰውነታቸው ሲደርስ እንጂ በልምምድ አይደለም። አምስት ዓመት ሞልቷቸውም ሌሊት የሚያመልጣቸው ብዙ ናቸው። ሲነሳ ደረቅ ሆኖ መገኘቱን እያየሽ ቆዪ። ደረቅ የሚሆንበት ቀን ሲበዛ ያኔ ታወልቂያለሽ። ቀኑን ግን እንደነቃ ወዲያው ዳይፐሩን አውልቀው ሽንት ቤት ይውሰዱት፣ ለብሶት መጫወት ከጀመረ እዚያው ይለዋል።