ላፕቶፔ 48 አሃዝ ቁልፍ አምጣ አለኝ፣ እርዱኝ

ሒሳብ ያዥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ቻርጅ አልቀበል ብሎኝ ጥገና ሰጠሁት። ማዘርቦርዱን ቀይረው መለሱልኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሰማያዊ ገጽ ብቅ አለና የቢትሎከር ቁልፍ አስገባ ይለኛል። 48 አሃዝ! እኔ ቢትሎከር የሚባል ነገር ነክቼም አላውቅም። የስድስት ዓመት የሒሳብ ፋይል ውስጡ አለ፤ የልጄ የክርስትና ፎቶም እንደዛው። ጠጋኙ «ፎርማት አድርገነው እንገላገል» ይላል። ሰብሮ የሚከፍት ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ እከፍላለሁ።

ብሎን ፈቺ፦
ወንድሜ፣ ፎርማት እንዳታስደርግ! ፋይልህ አልጠፋም፣ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ተቆልፎ ነው ያለው። የዲስኩን ቁልፍ የሚጠብቀው ቲፒኤም የሚባለው ቺፕ ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ቦርዱ ሲቀየር እሱም አብሮ ሄደ። ዊንዶውስ 11 ብዙ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ዲስኩን ይቆልፋል። በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባህ ደግሞ የመክፈቻውን ቁጥር እዛው አካውንት ላይ ያስቀምጠዋል። በስልክህ አካውንትህን ክፈትና መሣሪያዎች የሚለው ውስጥ ፈልግ። ሰማያዊው ገጽ ላይ የቁልፉ መለያ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደልና ቁጥሮች አመሳክር። ካጣኸው አሮጌውን ቦርድ ጥለውት እንደሆነ ጠይቃቸው። እሱን መልሶ መግጠም ሊያስከፍት ይችላል።

ቀመር፦
ሰብሮ የሚከፍት ላልከው፣ እከፍታለሁ የሚልህ ሰው የሚፈልገው ብርህን ነው። ዲስክህ የተቆለፈው ኤኢኤስ በሚባል የማመስጠሪያ ዘዴ ነው፤ ቁልፉ ቢያንስ 128 ቢት፣ ማለትም 128 ዜሮና አንድ ተደርድሮ ነው። ሊኖሩ የሚችሉት ቁልፎች ብዛት 39 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን የሚሞክር ማሽን ብታገኝ እንኳ የዓለም ዕድሜ አይበቃውም። ከእሱ በፊት ዴስ የሚባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ መንግሥት መስፈርት ያደረገው፣ 56 ቢት ብቻ። በ1998 ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማሽን በ56 ሰዓት ሰበረው። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር ድካሙ እጥፍ እንደሚሆን አትርሳ።

ሒሳብ ያዥ፦
ተገኘ!!! የኔ አካውንት ባዶ ነበር። ለካ ላፕቶፑን ከአሜሪካ የላከችልኝ እህቴ መጀመሪያ በራሷ ኢሜይል ከፍታው ኖሯል። ሌሊት ቀስቅሼ አስፈለግኳት። ሦስት ቁልፍ ነበራት፣ ሁለተኛው ገጠመ። ብሎን ፈቺ፣ እድሜ ይስጥህ። አሁን መቆለፉን ባጠፋው አይሻልም? ኳንተም ኮምፒውተር የሚባል አዲስ ዓይነት ማሽን ሲመጣ ሁሉም ይሰበራል ሲሉም ሰምቻለሁ።

ቀመር፦
አታጥፋው፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ የደንበኞችህ ሒሳብ ሌባ እጅ ይገባል። የኳንተሙ ወሬ ሁለት ነገር ያምታታል። ያንተ ዲስክ የሚቆለፈውም የሚከፈተውም በአንድ ቁልፍ ነው። እንዲህ ያለውን ኳንተም ያዳክመው ይሆናል እንጂ አይዘርረውም፣ የሰጋ 256 ቢት ይጠቀማል። የሚያሰጋው እንደ አርኤስኤ ያለው ነው። እንደ ሙዳየ ምጽዋት አስበው፤ ማንም ሰው ይከታል፣ የሚከፍተው ግን ቁልፉን የያዘው ብቻ ነው። ባንክና ድረ ገጾች ከማያውቁት ሰው ጋር ሚስጥር የሚለዋወጡት በዚህ ዓይነቱ ዘዴ ነው። የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር በ1994 በቂ ኳንተም ኮምፒውተር ካለ ይህ እንደሚከፈት በሒሳብ አሳየ። እንዲህ ያለ ማሽን ገና የለም። ግን ዛሬ የተመሰጠረውን ጠልፎ አስቀምጦ ያን ቀን የሚጠብቅ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው የመልእክት መላላኪያው ሲግናል በ2023 ኳንተምን የሚቋቋም ዘዴ የጨመረው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም ነሐሴ 2024 ኳንተምን የሚቋቋሙ ሦስት አዳዲስ መስፈርቶች አወጣ። አንተ ስልክህንና ብራውዘርህን አፕዴት አድርግ፣ ቀሪው የነሱ ሥራ ነው።

ብሎን ፈቺ፦
ኳንተሙ ይቆየን እባካችሁ። እኔ ጋ የሚመጣው ሁሉ ቁልፉ የጠፋበት ነው፤ ተሰብሮበት የመጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ቁጥሩን አሁኑኑ ፕሪንት አድርገው። ፋይሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ፣ ዲስኩ ራሱ ከሞተ ቁልፉ ምንም አያደርግልህም። ከእንግዲህ ጥገና ስትሰጥ ደግሞ መጀመሪያ ቢትሎከርን ለጊዜው አቁመው።

ሒሳብ ያዥ፦
እሺ ጌታዬ። ሁለት ኮፒ አወጣሁ። አንዱን ከቤት ካርታው ጋር አስቀመጥኩት፣ አንዱን ላፕቶፕ ቦርሳው ውስጥ።

ብሎን ፈቺ፦
ከቦርሳው አውጣው!