የእማ ምላስ ነጩ ተመለሰ፤ መድኃኒቱ ስንት ቀን ነው የሚወሰደው?

የጦሳ ልጅ (ሚኒያፖሊስ)፦
ሰላም ወገኖች። ደሴ ያለችው እናቴ አስም አለባት፤ ክረምት ሲገባ ይብስባታል። ሐኪም ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ አዘዘላትና ትንፋሿ ተሻለ። ከሁለት ወር በኋላ በቪዲዮ ስንገናኝ «ልጄ፣ በርበሬ አላስቀምስ አለኝ» አለች። ምላስሽን አሳዪኝ ስላት እርጎ የላሰች ትመስላለች። ሐኪሙ የአፍ ፈንገስ ነው ብሎ ኒስታቲን የሚባል ፈሳሽ መድኃኒት ሰጣት። በአራተኛው ቀን ነጩ ሲጠፋ አቆመችውና የተረፈውን «ለክፉ ቀን» ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ነጠላዋ ሥር ከተተችው። አሥር ቀን ሳይሞላ ተመለሰ። እስከ ስንት ቀን ነው የሚወሰደው?

ኮምቦልቼዋ (ቶሮንቶ)፦
እታለም፣ እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሁሉም ሰው እዚችው ላይ ነው የሚሸወደው። ነጩ ጠፋ ማለት ፈንገሱ አለቀ ማለት አይደለም። ኒስታቲን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል፤ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋም በኋላ ቢያንስ 2 ቀን ይቀጥላል። ለአዋቂ በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር በቀን 4 ጊዜ ነው፤ የእሷን ልክ ግን ያዘዘላት ሐኪም ይንገራት። ግማሹ በግራ ጉንጭ፣ ግማሹ በቀኝ፣ አፏ ውስጥ እያዟዟረች ብዙ ታቆየው። መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም ማለት ይቻላል፤ የሚሠራው የነካው ቦታ ላይ ነው። እናቶቻችን ደግሞ ዋጥ አድርገው ቡና ያስከትሉበታል! ምግብ በልታ ስትጨርስ ትውሰደው፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አትቅመስ።

ካልበቃ ሐኪሙ የፍሉኮናዞል እንክብል ሊያዝ ይችላል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው። የማይኮናዞል ጄል ከተሰጣት ምልክቱ ከጠፋ በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የምትወስድ ከሆነ ግን ሁለቱም ደም ሊያፈሱባት ስለሚችሉ አስቀድማ ትናገር።

ፈንገሱን የሚጋብዘው ከፓፉ አፏ ውስጥ የሚቀረው ስቴሮይድ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ፓፉን እንዳታቆም አደራ! ከሳበች በኋላ በውሃ ተጉመጥምጣ ትትፋ። ለመሆኑ የሚወልቅ ጥርስ አላት?

የጦሳ ልጅ፦
ዋርፋሪን የለባትም። ጥርሱ ግን አላት፣ የላይኛው። ሌሊትም አታወልቀውም፤ «እንግዳ ድንገት ቢመጣስ» ትላለች።

ኮምቦልቼዋ፦
በይ እንግዲህ፣ ፈንገሱ እዚያ ነው የሚያድረው። መድኃኒቱን ስትወስድ ታውልቀው፣ ማታም አፏ ይረፍ። ጥርሱን በብሩሽ አጥባ፣ ሐኪሙ የሚነግራት ማጽጃ ውስጥ ትዘፍዝፈው። ይሄ ካልተደረገ ሁለት ጠርሙስ ብትጨርስም ይመለስባታል።

እናት ነኝ (ጅዳ)፦
እህቴ አብሽሪ። የእኔ ልጅ በ2 ወሩ ይዞት ነበር። ሐይቅ ያለችው እናቴ «ማር ቀቢው» ስትለኝ፣ አክስቴ ደግሞ እንጥሉ ነው ይቆረጥ አለች። ነርሷ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አለችኝ፤ እንጥል ማስቆረጡንማ ስነግራት ደነገጠች። እሱ አፉን፣ እኔ ጡቴን አብረን ታከምን። ለብቻው ቢታከም ኖሮ እየተቀባበልን እንከርም ነበር።

ኮምቦልቼዋ፦
ትክክል። የጦሳ ልጅ፣ እናትሽ ስትውጥ ደረቷ ላይ የሚያማት ከሆነ ፈንገሱ ወደ ጉሮሮ ቧንቧዋ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ትይ፤ የዚያኛው ሕክምና ከ14 እስከ 21 ቀን ይወስዳል። እየተመላለሰ ካስቸገራት ደግሞ ስኳሯን ትለካ፣ የኤችአይቪ ምርመራም ታድርግ። በዕድሜዋ ማንም አይጠይቃት ይሆናል፣ አንቺ ጠይቂላት። የነጠላውን ሥር ጠርሙስም ሳትጀምረው ለሐኪሙ ታሳየው።

የጦሳ ልጅ፦
ደወልኩላት። ነገ ከእህቴ ጋር ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። ጥርሱን ማታ አውልቃ ብርጭቆ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ብርጭቆውን ግን ጎረቤት እንዳያይ በመሐረብ ሸፍናዋለች።